ፊልም በመኪና ሲመጣ

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው፤ ወደ ገጠሩ የወጣው ግን በመኪና ተጭኖ ነው። በሁለቱ መካከል አሥርት ዓመታት አለፉ። ስለዚህ እንደ አርባ ምንጭ ያለ ከተማ የፊልም ታሪኩ ሲተረክ ባለ መጋረጃ አዳራሽ ፍለጋ መሄድ አያዋጣም። ሜዳውን፣ የቀበሌውን ግቢና የቪዲዮ ቤቱን አግዳሚ ማስታወስ ይሻላል። ታሪኩ ሰዎች አንድ ብርሃን ፊት ተሰብስበው የተቀመጡበት ታሪክ ነውና።

የንጉሡ ስጦታና የሰይጣን ቤት

የሉሚየር ወንድማማቾች ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ተንቀሳቃሽ ሥዕል በፓሪስ ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነበር። ዐድዋ ላይ ጦርነቱ የሆነው ከዚያ በኋላ በሁለት ወሩ ነው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ መሣሪያው አዲስ አበባ ደረሰ፤ ለዐፄ ምኒልክ ያቀረበውም የኢጣሊያ መንግሥት መልእክተኛ ቺኮዲኮላ ነበር። የተሸናፊው መንግሥት ወኪል ለአሸናፊው ንጉሥ ፊልም ማሳያ ይዞ ከች አለ። ለስልክና ለአውቶሞቢል ያላቸው ጉጉት የታወቀው ምኒልክም አዲሱን ብልሃት በደስታ ተቀበሉት።

ሕዝቡ ግን እንደ ንጉሡ አልቸኮለም። በከተማዋ የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት ሲከፈት የወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነበር። የሌለ ሰው ግድግዳ ላይ ቆሞ ሲሄድ፣ ሲስቅና ሲሞት ማየት ከመልካም መንፈስ የመጣ ነገር አልመሰለም። ስሙ በነዋሪው አፍ ከሕንፃው ዕድሜ በላይ ኖረ።

ከዛሬዋ አርባ ምንጭ በላይ ያለው የጋሞ ደጋ በምኒልክ ግዛት ሥር የገባውም በዚያው ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የዶርዜና የአካባቢው ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ እየወጡ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፈሩ። ድውሩን ጠቅልለው ጥበቡን ለከተማው ሸጠው፣ መስከረም ሲጠባ ለመስቀል ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ማስቃላ የሚሉት ይህ በዓል ጋሞ የትም ቢሆን ቤቱ የሚገባበት ነው። እሳት ዙሪያ ከሚወራው የከተማ ወሬ መካከል ግድግዳ ላይ ስለሚራመዱት ሰዎች የሚነገረው አለመኖሩን ማሰብ ይከብዳል። የሲኒማ ዝና ወደ ጋሞ ተራሮች ከሲኒማው ቀድሞ የደረሰው በሸማኔ አፍ ሳይሆን አይቀርም።

መኪና ውስጥ ሆኖ ማየት፣ መኪና ከቦ ማየት

ግንቦት 29 ቀን 1925 ዓ.ም. ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የተባለ አሜሪካዊ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በካምደን ከተማ አቅራቢያ አዲስ ዓይነት ሲኒማ ከፈተ። ተመልካቹ ከመኪናው አይወርድም፤ ሜዳ ላይ በተራ በተሠሩ ተዳፋቶች ላይ መኪናውን አቁሞ፣ የፊት መስታወቱን ወደ ትልቁ ስክሪን አዙሮ ያያል። ቦታው 400 ያህል መኪኖች ይይዝ ነበር። «ድራይቭ ኢን» የተባለው ይህ ነገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካን አጥለቀለቀ፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ቁጥሩ 4,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ቤተሰቡ ራቱን ቋጥሮ፣ ልጆቹን የሌሊት ልብስ አልብሶ ይወጣል፤ ድምፁ በመኪናው መስኮት ከሚንጠለጠል ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። በምሥራቅ አፍሪካም ናይሮቢ የራሷ ድራይቭ ኢን ነበራት። በ1966 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዳር ኤስ ሰላሙ ደግሞ ለከተማዋ ሕዝብ ትልቅ የመዝናኛ ቦታ ሆኖ ኖሯል፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ከፈረሰ በኋላ አዲሱ ኤምባሲ የተሠራው በዚያው የሲኒማ ሜዳ ላይ ነው።

ድራይቭ ኢን እንዲኖር መጀመሪያ መኪና ያለው ተመልካች መኖር አለበት። በኢትዮጵያ ክፍለ ሀገር ከተማ መኪና የአስተዳዳሪው፣ የነጋዴውና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ስለዚህ ነገሩ ተገለበጠ። አሜሪካ ውስጥ መቶ መኪኖች ወደ አንድ ፊልም ይሄዱ ነበር፤ እኛ ዘንድ አንድ መኪና ፊልሙን ይዞ ወደ ሺህ ሰው ይመጣ ነበር።

በዚህ መንገድ ቀድሞ የተጠቀመው ወራሪው ነው። ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በቆየችባቸው ዓመታት ካሜራን ከመትረየስ ጎን አሰለፈች። «ሉቸ» የተባለው የፋሺስት መንግሥት የፊልም ተቋም ዘመቻውን እየተከተለ ይቀርጽ ነበር፤ ፊልምና ማሳያ የጫኑ መኪኖችም ለወታደሩ፣ ለመንገድ ሠራተኛውና ለአገሬው ሰው ያሳዩ ነበር። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ተበራከቱ፤ ግን ለነጭ ሌላ፣ ለአገሬው ሌላ ነበሩ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ መሠረቱ በዚያን ጊዜ ለሲኒማ የተጀመረ ነበር፤ ተጠናቅቆ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው በ1948 ዓ.ም.፣ የንጉሡ የዘውድ ኢዮቤልዩ በዓል ሲከበር ነው።

ጀነሬተር፣ አቡጀዲና አንድ ምሽት

ከነጻነት በኋላ ፊልም የጫነው መኪና ባለቤቱን ለወጠ። በ1940ዎቹ የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ «ፖይንት ፎር» በሚል ስም ሲመጣ ፊልም ከማስተማሪያ መሣሪያዎቹ አንዱ ነበር። የአሜሪካ የማስታወቂያ አገልግሎትም በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች እንዳደረገው በኢትዮጵያ ፊልም እያዞረ ያሳይ ነበር። የጤና፣ የእርሻና የትምህርት ሠራተኞችም መንገዱን ለመዱት።

አሠራሩ በየአገሩ አንድ ነበር። ጂፑ ወይም ላንድሮቨሩ ቀን ገብቶ በገበያው መካከል በድምፅ ማጉያ ያውጃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጀነሬተሩ ጩኸቱ የተናጋሪውን ድምፅ እንዳይውጥ ራቅ ተደርጎ ይነሣል። በሁለት ምሰሶ መካከል አቡጀዲ ይወጠራል፤ ባለ 16 ሚሊሜትሩ ማሳያ መኪናው ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ልጆች ከፊት መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ይቆማሉ። አቡጀዲው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከፊት ቦታ ያጣ ሰው ዞሮ ከጀርባው ያያል። ከዚያኛው ወገን ሁሉም ነገር ግልብጥ ነው፤ ቀኙ ግራ ይሆናል፣ ጽሑፉም ከመጨረሻው ይጀምራል። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ግን ይህ ጉዳት አልነበረም፤ ሥዕሉ ከሁለቱም በኩል ይስቃል።

አንዱ ጥቅል አልቆ ሌላው እስኪገባ፣ ወይም ፊልሙ ተበጥሶ እስኪቀጠል ባለው ጊዜ ሜዳው በጫጫታ ይሞላል። ያኔ ያየው ላላየው ይተርካል፣ አማርኛ የሚያውቀው ለማያውቀው ይተረጉማል። ለብዙ ልጆች ጨለማ ውስጥ ከጎረቤት ጋር ተጋፍቶ መሳቅ ከፊልሙ እኩል ብርቅ ነበር።

የሚታየው ፊልም በአብዛኛው ምክር ነበር፦ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ቆሻሻ ቅበሩ፣ ልጅ አስከትቡ። በአፍሪካ ፊልም ያሳዩ የነበሩ ጆን ዊልሰን የተባሉ እንግሊዛዊ ያወሩት አንድ ገጠመኝ በዓለም ላይ ዝነኛ ሆኗል። በአንድ መንደር የታቆረ ውኃን ስለማስወገድ የሚያስተምር አጭር ፊልም ታየ። «ምን አያችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ተመልካቾቹ «ዶሮ» አሉ። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ዶሮ መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር፤ መልሰው ሲያዩት ግን በአንድ ጥግ ለቅጽበት የምትሮጥ ዶሮ ተገኘች። ነገሩ ለዓመታት የአፍሪካን ገበሬ አለማስተዋል ለማሳየት ተጠቀሰ። ዶሮ ላረባ ሰው ግን በዚያ ሁሉ እንግዳ ነገር መካከል የራሱ ጉዳይ የነበረችው ዶሮዋ ናት። ካሜራው ያላስተዋለውን ያስተዋለ ሕዝብ ማየት አልቻለም ሊባል አይገባም።

አዲሱ ከተማ

የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጨንቻ ነበረች፤ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ጭጋግ የማይለያት ደጋ። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ የአስተዳደር ዘመን፣ መቀመጫው ወደ ቆላው ወርዶ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ትይዩ አርባ ምንጭ ተቆረቆረች። ከተማዋ ገና ከጅምሩ ሁለት ሆና አደገች፦ ከላይ ቢሮዎቹ ያሉባት ሴቻ፣ ከታች ገበያው የሞቀባት ሲቀላ። በመካከላቸው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ።

ለሜዳ ፊልም ከጨንቻ ይልቅ አርባ ምንጭ ትመቻለች። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስለሆነች ሰው ማታ ውጭ መቀመጥ ይወዳል። ግን ቆላው የወባ አገር ነው። የወባ ማጥፊያ አገልግሎት በ1951 ዓ.ም. ተቋቁሞ በየቤቱ ዲዲቲ በሚረጭበት ዘመን፣ ስለ ወባ ትንኝ ለማስተማር ሕዝብን በምሽት ሜዳ ላይ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ምጸት ነበር፤ ተማሪውና አስተማሪው ፊልም ሲያዩ ትንኟ ራቷን ትበላለች።

ጋሞ ሜዳ ላይ ለመሰብሰብ ከማንም አልተማረም። ዱቡሻ የሚባለው የጉባኤ ሜዳ ከሲኒማ በፊት ነበረ፤ የማኅበረሰቡ መሪ ሃላቃው የሚሾምበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ሁሉም ተቀምጦ የሚደማመጥበት ነው። ለማኅበረሰቡ አንድ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ወደ አንድ አቅጣጫ መመልከት የቆየ ልማድ ነበር።

ካሜራው ሲመጣ፣ ስክሪኑ ሲቀር

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የታየውም በዚያው ዓመት ነበር። ሁለቱም የአዲስ አበባ ዜናዎች ነበሩ፤ የቴሌቪዥኑ ሞገድ ከመዲናዋ ብዙ አይርቅም ነበርና።

ደቡቡ ግን ተመልካች ከመሆኑ በፊት ተቀራጭ ሆነ። በ1974 እ.ኤ.አ. ሮበርት ጋርድነር ስለ ሐመሮች የሠራው «ሪቨርስ ኦፍ ሳንድ» እና የእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን ስለ ሙርሲዎች ያዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም ወጡ። ሁለቱ ሕዝቦች የሚኖሩበት የዛሬው ደቡብ ኦሞ ያን ጊዜ ከአርባ ምንጭ የሚተዳደረው የጋሞ ጎፋ አካል ነበር። የለንደን ቤተሰብ ሳሎኑ ተቀምጦ የኦሞን ሸለቆ ሲያይ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሕዝብ የራሱን ጎረቤት በስክሪን አላየም።

በዚያው ዓመት ፊልም መንግሥት ሲያናጋ ታየ። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሀብ የሠራው ዘገባ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ምሽት ነው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በአዲስ አበባ ቡና ቤቶች ተጠጋግቶ ያንን ምሽት ያየ ትውልድ፣ ምስል ከአዋጅ እኩል ጉልበት እንዳለው በአንድ ሌሊት ተማረ።

የጋራ ቴሌቪዥን

ደርግ ትምህርቱን አልዘነጋም። የፊልም ማዕከል በ1970 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያው አሥርት ማብቂያ ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ተዘጋ። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ቴሌቪዥኑ በቀለም መታየት ጀመረ። ስርጭቱ ወደ ክፍለ ሀገር ሲስፋፋ ቴሌቪዥን በቤቱ ያለው ጥቂት ስለነበር ሕዝቡ የሚያየው ተሰብስቦ ነው፤ በቀበሌ አዳራሽ፣ በወጣቶች ማኅበር ግቢ፣ ወይም በአንድ ደግ ጎረቤት ሳሎን። ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ። የቤቱ እመቤት ዜናው ሲያልቅ «በሉ እንግዲህ» ብላ ካላስነሣቻቸው ድራማው እስኪያልቅ አይነቃነቁም።

በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ሲከፈት አርባ ምንጭ ከየክፍለ ሀገሩ ወጣት ጎረፈላት። ኋላ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ተቋም ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ቅዳሜ ማታ የሚሄድበት ይፈልጋል፤ ከተማዋም ቀስ በቀስ የሚፈልገውን አዘጋጀች።

ቪዲዮ ቤት

ከ1980ዎቹ ጀምሮ በመላው አገሪቱ ከተሞች ቪዲዮ ቤት ፈላ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ሃያ አግዳሚ፣ መስኮቱን የሚዘጋ ጥቁር ጨርቅ፤ ይኸው ነው። በር ላይ ሰሌዳው በጠመኔ ያውጃል፦ «ዛሬ 8 ሰዓት ሕንድ፣ 10 ሰዓት ካራቴ»። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ወደ ውጭ በተሰቀለ ማጉያ ይለቀቃል፤ ሳንቲም ያጣ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ ጥይቱንና ዘፈኑን በነጻ ይሰማል፣ ሥዕሉን ከራሱ ይፈጥራል። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣ ኋላ አንድ ብር።

አሚታብ ባቻን ሲመታ ቤቱ ይጮሃል፤ እናቱ ስታለቅስ ቤቱ ይነፋረቃል። ሂንዲ የሚያውቅ የለም፤ ግን ፊልሙን ሦስተኛ ጊዜ የሚያየው ልጅ ሊሆን ያለውን አስቀድሞ እየተናገረ ጎረቤቱን ያናድዳል። ብሩስ ሊን ያየ ሁሉ ሲወጣ በመንገዱ ላይ ጓደኛውን ሳይረግጥ ቤቱ አይደርስም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ክርክር ይነሣል፦ ከግማሽ በላይ ታይቷልና ገንዘብ አይመለስም፣ አይ ይመለስ። ወላጆች ቪዲዮ ቤትን ጠሉት፤ መምህራን ከትምህርት የቀረ ተማሪ ፍለጋ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያ ነበር። የ«ሰይጣን ቤት» ፍርድ ሰማንያ ዓመት ቆይቶ በሌላ ልብስ ተመለሰ።

ሜዳውም አልተተወም። በ1979 እ.ኤ.አ. የተሠራውና በሺህ በሚቆጠሩ ቋንቋዎች የተተረጎመው የኢየሱስ ፊልም በደቡብ ኢትዮጵያ በየገጠሩ በሜዳ ላይ ታየ። ኋላም ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምሩ ባለ ስክሪን መኪኖች ወደ ከተሞችና ወደ መናኸሪያዎች ወጡ። ለገጠሩ ልጅ ሁለቱም ያው ነበሩ፦ ማታ፣ ሜዳ፣ ጀነሬተርና ያየው ላላየው የሚነግረው ነገር።

ስክሪን ሲበዛ

በ1990ዎቹ አጋማሽ በዲጂታል ካሜራ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች መጡ። «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሰሉ ሥራዎች ተመልካች በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በር ተሰልፎ እንዲጠብቅ አደረጉ። አዘጋጆች ፊልማቸውን ይዘው ወደ ክልል ከተሞች ወረዱ፤ ፖስተር የለጠፈና ማጉያ የጫነ መኪና ከተማ እየዞረ ማወጅ እንደገና ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ስክሪን ክፍል ውስጥ ገባ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ተሰቀለ። የሳተላይቱ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ «መልሱ ይኸው» ይላል። ተደራሽነቱ ትልቅ ነበር፤ ጥያቄ መጠየቅ ግን አይቻልም።

ዲኤስ ቲቪ ቤቶች የቪዲዮ ቤቱን አግዳሚ ወረሱ። እዚያም ተጋፍቶ ማየት ቀጠለ፤ ተዋናዮቹ ግን አርሰናልና ማንቸስተር ሆኑ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ በጥር 2005 ዓ.ም.፣ መስቀል አደባባይ በተመልካች ተሞላ። ዋልያዎቹ ከዛምቢያ ጋር አዳነ ግርማ ባስቆጠረው ጎል አንድ ለአንድ ሲወጡ በየከተማው የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶና በናይጄሪያ የሚመጣውን ሽንፈት ያኔ ማንም አላሰበም። የጋራ ማየት ጉልበቱ ያልደከመ መሆኑ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ገባ፤ ራት ሰዓት ተቀየረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ሲኒማ ቤቶች ተዘጉ። በዚያው ወቅት በጀርመን፣ በኮሪያና በአሜሪካ የተረሱት ድራይቭ ኢኖች ነፍስ ዘሩ፤ መኪና ያለው ሰው መስኮቱን ዘግቶ ፊልም ማየት ቻለ። በእኛ አገር የተዘጋው መስኮት ስልክ ሆነ። ዛሬ የአማርኛ ፊልም በዩቲዩብ፣ ቀልድ በቲክቶክ ይመጣል፤ በአንድ ቤት አራት ሰዎች አራት የተለያዩ ነገሮችን ጆሯቸውን ደፍነው ያያሉ። ድራይቭ ኢን አርባ ምንጭ የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ሁሉም በየራሱ መኪና ውስጥ።

ይህን ማለት ያለፈውን ማሞገስ አይደለም። የድሮው ሜዳ ምርጫ አልነበረውም፤ ያመጡልህን ታያለህ። ዛሬ የጋሞ ወጣት በራሱ ቋንቋ ቀርጾ፣ በራሱ ስልክ አርትዖ፣ ለዓለም ይለቃል። የጠፋው አብሮ መሳቅና ላልገባው መተርጎም ነው፤ እሱን ለመመለስ ደግሞ ትልቅ ነገር አይጠይቅም። ዱቡሻዎቹ አሉ፣ የትምህርት ቤት ሜዳዎች አሉ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ፕሮጀክተር በገበያ ላይ አለ። በወር አንድ ምሽት በሲቀላ የጋሞ ወጣቶች የሠሩትን ፊልም ለሽማግሌውም ለሕፃኑም በአንድ ነጭ ጨርቅ ላይ ማሳየት ለከተማዋ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚያስፈልገው የሚጀምረው ሰው ነው።